መሬቱ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የገዙትን ዛፍ፣ ድንጋይና ብረት እንዴት ያወጣሉ?

ሱሉልታ ላይ የቆመ ባሕር ዛፍ ገዝተዋል፤ ወይም ገላን አንድ ግቢ ውስጥ ፌሮና ብሎኬት ገዝተው መኪና እስኪያገኙ እዚያው አስቀምጠዋል። በመሃል ግቢው ተሸጠ። በሩ አዲስ ቁልፍ፣ አዲስ ዘበኛ አለው። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ጠቡን የሚጀምረው ከአዲሱ ባለይዞታ ጋር ነው። እሱ ግን ከእርስዎ አንድ ሳንቲም አልተቀበለም፤ ከእሱ የሚፈልጉት በር እንዲከፍት ብቻ ነው። ስለ ገንዘብና ስለ ጉድለት የሚጠየቀው የሸጠልዎት ሰው ነው። ይህን ለይቶ የያዘ ሰው ጉዳዩን በሽማግሌ ይጨርሳል፤ የደባለቀ ፍርድ ቤት ይመላለሳል።

ዕቃው የማን ነው?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ በውል የተላለፈው ቤቱና በላዩ ያለው ንብረት ነው። ችግሩም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ገዢው «በላዩ ያለው» ሲባል ዛፉም፣ የድንጋይ ክምሩም ተካትቶ ይመስለዋል፤ ሻጩም ብዙ ጊዜ አያርመውም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1133 ዛፍና ሰብል ከመሬቱ እስኪለዩ ድረስ የመሬቱ አካል ናቸው ይላል። ቀጥሎ ያለው 1134 ግን ዛፉ ተቆርጦ እንዲወሰድ ውል ከተደረገበት እንደ ተንቀሳቃሽ ንብረት ይቆጠራል ይላል። ስለዚህ የባሕር ዛፍ ገዢ ጉልበቱ ውሉ ላይ ነው፦ «ቆርጦ ሊወስድ» የሚል ቃል አለው ወይ? ቀኑስ ግቢው ከተላለፈበት ቀን ይቀድማል ወይ? «ዛፍ ሸጫለሁ» ብቻ የሚል ወረቀት፣ ስንት እንጨት ከየትኛው ወሰን እስከ የትኛው እንደሆነ ካልጠቀሰ ደካማ ነው።

መሬት ላይ የተቀመጠ ዕቃ (ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ኮንቴይነር፣ ሮቶ) ያለ ጥርጥር ተንቀሳቃሽ ነው። ሆኖም ቁጥር 1161ን አይርሱ፦ በቅን ልቦና ተዋውሎ፣ ዋጋ ከፍሎ፣ ዕቃውን በእጁ ያደረገ ሰው የዕቃው ባለቤት ይሆናል። አዲሱ ሰው «ፌሮውንም አብሬ ገዝቻለሁ፣ የሌላ መሆኑን አላወቅሁም» ካለ ጭቅጭቁ ከባድ ይሆናል። ስለዚህ መሸጡን በሰሙበት ዕለት በጽሑፍ ያሳውቁት፤ ከዚያ ወዲያ አላወቅሁም ማለት ይከብደዋል። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፦

«በቀን … ከአቶ/ወ/ሮ … በገዛሁት ውል መሠረት በግቢዎ ውስጥ የሚገኘው … (ዓይነት፣ ብዛት፣ ያለበት ቦታ) የእኔ ንብረት ነው። የውሉን ቅጂ አያይዣለሁ። በሚመችዎት ቀን እንዳወጣ በር እንዲከፈትልኝ እጠይቃለሁ። በማውጣት ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከሁሉ ይበልጣል። የአዲሱ ባለይዞታ እውነተኛ ሥጋት አጥሩ እንዳይፈርስና ግቢው በጎማ እንዳይቦካ ነው፤ ይህን ገና ሳይጠየቁ ከመለሱለት ግማሹን በር ከፍተዋል። በሁለት ቅጂ ይጻፉት፣ አንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ይፈርምልዎት። እምቢ ካለ ሁለት ምስክር ባለበት ይስጡት፣ ስማቸውንም ይጻፉ።

ቋንቋውን ያስቡበት። ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ጽሕፈት ቤቶቹም ፍርድ ቤቶቹም የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ላለ ለአቃቂ ቃሊቲ ወይም ለለሚ ኩራ ወረዳ በአማርኛ የጻፉትን ይዘው እዚያ ቢሄዱ አስተርጉመህ ና ይባላሉ። ድንበሩ አንድ መንገድ ብቻ የሚለየው ሰፈር ስለሚበዛ፣ ካርታው የየትኛው አስተዳደር እንደሆነ አስቀድመው ያጣሩ።

ሽማግሌ፣ ከዚያ ክስ

ደብዳቤው መልስ ካጣ ሦስት ሰው ይላኩ፦ አንድ የአጥር ጎረቤት፣ አንድ የእድር ሰው፣ አንድ ሽያጩ ሲፈጸም የነበረ። የሸጠልዎት ሰውም እዚያው ተገኝቶ «አዎ፣ እኔ ነኝ የሸጥኩለት» ማለት አለበት፤ ያለ እሱ ሽምግልናው የሁለት እንግዶች ክርክር ይሆናል። አዲሱ ባለይዞታ የጥበቃ ወጪ ሊጠይቅ ይችላል። ደብዳቤው ከደረሰው በኋላ እርስዎ ዘግይተው ከሆነ ተገቢ ነው፤ ተስማምተው ይክፈሉና ደረሰኝ ይቀበሉ። ከዚያ በፊት ላለው ጊዜ ግን የሚመለከተው ሻጩን ነው።

ያም ካልሠራ፣ ንብረትን ያለ መብት ከያዘው ሰው ለማስመለስ የሚያስችለው የዚያው ሕግ ቁጥር 1206 ነው። ግቢው በባንክ ዕዳ ተይዞ ለሐራጅ ከወጣ ማስታወቂያውን እንዳዩ ዝርዝርዎን ለባንኩ በጽሑፍ ያስገቡ። በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከተከበረ (ለዕዳ ከተያዘ) ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 418 «የእኔ ነው» የሚል አቤቱታ ይቀርባል፤ ሐራጁ ካለፈ በኋላ መሮጥ ግን እጥፍ ድካም ነው። ቦታው ለልማት የሚነሣ ከሆነ ገማቾቹ ዛፍ በሚቆጥሩበት ቀን ይገኙ። ያለዚያ ዛፍዎ በባለይዞታው ስም ተመዝግቦ ካሣው ለእሱ ይከፈላል።

በሌሊት መግባት፣ ቁልፍ መስበር፣ ለዘበኛው በጎን ሰጥቶ ማስጫን አያዋጣም። ዕቃው የራስዎ ቢሆንም ሰው ግቢ ሰብሮ በመግባት ይከሰሳሉ፤ ዘበኛውም ነገ ምስክር ሆኖ የሚቀርበው በእርስዎ ላይ ነው።

ከመጫን በፊት ቁጠሩ

ፌሮ በክብደት ተገዝቶ በቁጥር የሚጠፋ ዕቃ ነው። 12 ሜትር የሆነ አንድ ቤርጋ (ዘንግ) ባለ 8 (ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነው) ወደ 4.7 ኪሎ፣ ባለ 12 ወደ 10.7 ኪሎ፣ ባለ 16 ወደ 19 ኪሎ ይመዝናል። 10 ኩንታል ባለ 12 ገዝተው ከሆነ 94 ቤርጋ ገደማ መገኘት አለበት። ቁጥሩ ተሟልቶ ሚዛኑ ከጎደለ ውፍረቱን በካሊፐር ይለኩ፤ ቀጭን ብረት ተሽጦልዎት ሊሆን ይችላል፣ ያም የሻጩ ነገር ነው።

በቢያጆ (በመኪና ምልልስ) የተራገፈ አሸዋና ጠጠር በዝናብ ይታጠባል፤ ድንጋይም ጥቁር አፈር ላይ ከሆነ የታችኛው ረድፍ ይሰምጣል። ክምሩ ሾጣጣ ከሆነ የመሠረቱን ወርድ ግማሽ በራሱ ያባዙ፣ በ3.14 ያባዙ፣ በከፍታው ያባዙ፣ ለ3 ያካፍሉ። ወርዱ 4፣ ከፍታው 1.5 ሜትር የሆነ ክምር 6.3 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ሲሚንቶ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ከረጢቱን በእጅ ጫን ብለው ይፈትሹት፤ በጣት የማይፈርስ ጓል ከያዘ የመኪና ኪራይ አያውጡበት።

የቆመ ባሕር ዛፍ ላይ፣ የእርስዎን እንጨት በደረት ከፍታ በቀለም ከበው ቁጥር ይስጡት። ይህን አዲሱ ባለይዞታ ባለበት ያድርጉት፤ ብቻዎን ገብተው ከቀቡ ቀለሙ ራሱ የጠብ ምክንያት ይሆናል።

የማውጫው ቀን

ጥቁር አፈር ያለበት አካባቢ፣ በተለይ አቃቂ፣ ገላንና ቱሉ ዲምቱ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ከባድ መኪና ግቢ ውስጥ አያስገቡ። ከሰመጠ ለማውጣት ሌላ መኪና ይቀጠራል፣ የተቦካውም ግቢ በእርስዎ ሒሳብ ይደለደላል። ክረምት ከገባ በሰው ሸክም እስከ ጠጠር መንገዱ ማውጣት ይሻላል። ኤን ፒ አር አይሱዙ 40 ኩንታል ገደማ ይይዛል፤ ባለ 20 ብሎኬት አንዱ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ስለሚመዝን 200 ብሎኬት ሙሉ ጭነት ነው። ባለ 20 ጫማ ባዶ ኮንቴይነር ከ22 ኩንታል ያላነሰ ስለሚከብድ ክሬን ይፈልጋል፤ ክሬኑ እግሩን የሚዘረጋበት ቦታና ከላይ የመብራት ሽቦ አለመኖሩን አንድ ቀን ቀድመው ይዩ። ከአካባቢው ጫኝና አውራጅ ልጆች ጋር ዋጋ የሚቆረጠው መኪናው ከመድረሱ በፊት ነው፤ ሞተሩ እየሠራ የሚደረግ ድርድር ሁሌም ለእነሱ ያደላል።

ዛፉን ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ዘመም አድርገው ያስቆርጡ። ጉቶው ረጅም ከሆነ ወይም ልጡ ከተገሸለጠ ዳግም የሚያቆጠቁጠው ይሰነጠቃል ወይም ይደርቃል። ያ ቁጥቋጦ ደግሞ፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ የአዲሱ ባለይዞታ ነው፤ ካሣ ሊጠይቅበት ይችላል። ቅጠሉና ጭራሮው የማን እንደሆነም አስቀድሞ ይወሰን። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ማገዶ ገንዘብ በሆነበት ሰፈር ቆራጩ «የኔ ድርሻ ነው»፣ ዘበኛው «የግቢው ነው» ብለው የሚጣሉት በዚሁ ነው። እንጨቱ ኬላ የሚያልፍ ከሆነ የማጓጓዣ ፈቃድ ከአካባቢው የግብርና ወይም የደን ጽሕፈት ቤት ሳይዙ መኪና አይጫኑ።

ሲጨርሱ እዚያው ግቢ ውስጥ የርክክብ ወረቀት ይፈረም፦ የወጣው ዕቃ በቁጥር፣ የቀረው (ካለ)፣ በአጥርና በበር ላይ ጉዳት መድረሱ ወይም አለመድረሱ፣ የሁለት ምስክር ፊርማ። ጉድለት ካለ «በውሉ 94፣ የተገኘው 81» ብለው ቁጥሩን ብቻ ያስፍሩ፤ ማን ወሰደው የሚለውን አይጻፉበት፣ ያኔ አዲሱ ባለይዞታ መፈረም አይፈራም። በዚያ ወረቀት ሻጩን ስለ ጉድለቱ ይጠይቃሉ። በውል ላይ የተመሠረተ ጥያቄ የሚታገደው፣ ሕጉ ለይቶ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ፣ በ10 ዓመት ነው፤ ሻጩ ግን ቤቱን ሽጦ ሰፈር የለቀቀ ሰው ስለሆነ አድራሻው ሳይጠፋ በዚያው ሳምንት ይጻፉለት።