ቤተ ክርስቲያን ልጆችን ከጥቃት ስትጠብቅ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በልጆች ላይ የሚደርስ ጥቃት ለዓመታት ተሸፍኖ ሲኖር፣ ከሸፋኞቹ ብዙዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ደጋግ ምእመናን ናቸው። ሽማግሌን ያከብራሉ፣ ገመናን ይከድናሉ፣ ይቅር ይላሉ፣ ነገርን በጸሎት ይይዛሉ። እያንዳንዱ በቦታው መልካም ነው፤ ልጅ በተጠቃ ጊዜ ግን እነዚሁ መልካም ነገሮች ለአጥቂው ከለላ ይሆናሉ። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ መንፈሳዊ መልክ ስላላቸው ስህተትነታቸው ቶሎ አይታይም። ጥቃት ስንልም ወሲባዊውን ብቻ ማለታችን አይደለም፤ ድብደባም፣ ማስፈራራትም፣ በእግዚአብሔር ስም ማሸማቀቅም ጥቃት ነው።

«እሱማ የታወቀ አገልጋይ ነው»

ልጅን የሚያጠቃው አብዛኛውን ጊዜ ልጁም ቤተሰቡም የሚያውቁትና የሚያምኑት ሰው ነው። ስለዚህ «እናውቀዋለን» ማለት ዋስትና አይሆንም። እንዲህ ያለው ሰው ከልጁ በፊት የሚያጠምደው ወላጆቹንና ምእመናኑን ነው። ቀድሞ ይመጣል፣ መጨረሻ ይወጣል፣ ሌላው የሸሸውን ሥራ ይሸከማል። ቀጥሎ አባቱ የሌለ፣ ቤቱ የተቸገረ ወይም ጓደኛ ያጣ ልጅ ይመርጣል። ስጦታ ይመጣል፣ ከዚያ ለብቻ ጉዞ፣ ከዚያ ማታ ማታ የስልክ መልእክት፣ ከዚያ የግል ጸሎት። በጨዋታ አስመስሎ ይነካዋል፤ ልጁ ዝም ካለ አንድ እርምጃ ይጨምራል። «ይህ የእኔና የአንተ ምስጢር ነው» የሚለው ሲመጣ ልጁ ከእናቱ ተለይቷል ማለት ነው።

በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሌላ ቦታ የሌለ አንድ መሣሪያ አለ፤ የእግዚአብሔር ስም። «ጌታ ስለ አንቺ አሳይቶኛል» የተባለች የ10 ዓመት ልጅ ሰውየውን እምቢ ማለት ፈጣሪን እምቢ ማለት ይመስላታል። ወላጆችም ቢሆኑ አገልጋዩ ልጃቸውን ስላቀረበው እንደ በረከት ይቆጥሩታል እንጂ አይጠረጥሩም።

ሰውን ሁሉ በጥርጣሬ እያዩ መኖር ግን አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። ሥርዓቱ ለሁሉም እኩል ከሆነ ማንንም መጠርጠር አያሻም። ቄሱም፣ መጋቢውም፣ የመዘምራኑ አሠልጣኝም፣ ልጆችን በመኪና የሚያደርሰውም በአንድ ደንብ ይገዛሉ። «እሱን እንኳን አይመለከተውም» የተባለ ሰው ካለ፣ ቀዳዳው እዚያ ነው።

ሰው ስለጠፋ ያገኙትን መሾም

የልጆች ክፍል ሁልጊዜ ሰው ይጎድለዋል። ስለዚህ ባለፈው ወር የመጣ ደስተኛ ወጣት ዛሬ ሃያ ልጆች ይረከባል። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት አንድ ሰው ቢያንስ 6 ወር በአባልነት ሳይቆይ ከልጆች ጋር እንዳያገለግል ይከለክላሉ፤ ለማጥመድ የመጣ ሰው መጠበቅ ስለማይወድ ይህ ቀላል ደንብ ብዙ ይጠቅማል። የቀድሞ ቤተ ክርስቲያኑን ስልክ ደውሎ «ይህን ሰው እንደገና በልጆች ላይ ትሾሙት ነበር?» ብሎ መጠየቅም ከአድናቆት ደብዳቤ ይሻላል። የወንጀል ሪከርድ ማጣራት ጥሩ ነው፤ የሚይዘው ግን የተፈረደበትን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የዕለት ተዕለት ነው። ዝምድና የሌላቸው ሁለት አዋቂዎች ሁልጊዜ አብረው ይኑሩ። በሩ ይከፈት ወይም መስታወት ይኑረው። ለብቻ መመካከር ካስፈለገ ሰው በሚያይበት፣ ግን በማይሰማበት ቦታ ይሁን። ለልጅ የሚላክ መልእክት ወላጅ ባለበት ቡድን ውስጥ ይላክ። የአዳር ጉዞ፣ መጸዳጃ ቤትና መኪና ለየብቻ ደንብ ይጻፍላቸው፤ ጥቃት የሚፈጸመው መድረክ ላይ አይደለም።

«እስቲ ከመጀመሪያው እንደገና ንገረን»

ልጅ አፉን ሲከፍት አዋቂው የሚለውና የሚያደርገው ብዙ ነገር ይወስናል። እዚህ ላይ ብዙ ስህተት ይሠራል።

የመጀመሪያው ድንጋጤ ነው። «ምን?! እርግጠኛ ነህ? እሱ እንዲህ አያደርግም!» የሚል ፊት ያየ ልጅ ወዲያው ወደ ኋላ ይላል፤ «ዋሽቼ ነው» ሊልም ይችላል። ልጆች ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ከቆየ በኋላ፣ በቁርጥራጭ፣ አንዳንዴም የተናገሩትን መልሰው እየካዱ ነው። መዘግየትና መካድ የውሸት ምልክት አይደሉም፤ የፍርሃት ናቸው።

ሁለተኛው «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል መግባት ነው። ይህን ቃል መጠበቅ አይቻልም፤ ሲፈርስ ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ይከዳል። «ሊረዳህ የሚችል ሰው ካለ ለእሱ እነግራለሁ፤ ማን እንደሆነም እነግርሃለሁ» ማለት ይሻላል።

ሦስተኛው ጥያቄ ማብዛት ነው። «እዚህ ነካህ? እንዲህ አደረገህ?» የሚል መልሱን አፍ ላይ የሚያስቀምጥ ጥያቄ በኋላ በፍርድ ቤት ማስረጃውን ያበላሻል። «ምን እንደሆነ ንገረኝ» ብሎ ማዳመጥ ይበቃል። ልጁን በሽማግሌዎች ፊት አቁሞ ታሪኩን ማስደገም ደግሞ ጭካኔ ነው፤ መጠየቅ የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው። ያዳመጠው ሰው የልጁን ቃል እንደተናገረው፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምሮ ወዲያው ይጻፍ። «ስለነገርከኝ ጥሩ አድርገሃል፤ ጥፋቱ የአንተ አይደለም» ማለትን አይርሳ።

ጥቃቱ የቅርብ ከሆነ ሰዓት ዋጋ አለው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ በተጀመረ መጠን ይሻላል። ስለዚህ «እሑድ እንነጋገርበታለን» የሚባል ነገር የለም። ልጁን አጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ ማስተኛት የእናት ደመ ነፍስ ቢሆንም ሐኪም ሳያየው መደረግ የለበትም፤ ልብሱም ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ።

«ጉዳዩን ሽማግሌዎች ይዘውታል»

ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ተጠርጣሪውን ይጠራሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይክዳል፣ ወይም ያለቅሳል። በዚያው ማታ መልእክቶቹን ከስልኩ ያጠፋል፣ ለልጁ ቤተሰብ ይደውላል፣ ደጋፊ ያሰባስባል። ወንጀል መርማሪዎች ሲመጡ የቀረ ነገር የለም።

ሁለት ጥቅሶች ይነሣሉ። አንዱ ማቴዎስ 18፤ «ወንድምህ ቢበድልህ ለብቻችሁ ሆናችሁ ውቀሰው» የሚለው። ያ ግን በእኩዮች መካከል ስላለ በደል ነው፤ የ9 ዓመት ልጅ የደፈራትን ሰው ለብቻዋ ሄዳ እንድትወቅስ የሚያዝዝ አድርጎ ማንበብ ቃሉን ማጣመም ነው። በዚያው ምዕራፍ፣ ጥቂት ቁጥሮች ቀደም ብሎ፣ ታናናሾቹን ለሚያሰናክል የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ ባሕር መስጠም እንደሚሻለው የተነገረውን ዘሎ ማለፍ ደግሞ ይገርማል። ሌላው 1 ጢሞቴዎስ 5፥19 ነው፤ በሽማግሌ ላይ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ክስ አትቀበል ይላል። ይህ ለቤተ ክርስቲያን የራሷ ዳኝነት እንጂ ለመንግሥት ምርመራ የተሰጠ ደንብ አይደለም። ጥቃት ደግሞ ምስክር ሳይኖር ሆን ተብሎ የሚፈጸም ወንጀል ነው፤ ሁለት የዓይን ምስክር እስኪመጣ መጠበቅ ወንጀለኛውን በሕግ ነጻ ማውጣት ነው። የሕክምና ምርመራ፣ የስልክ መልእክት፣ የሌላ ልጅ ተመሳሳይ ታሪክም ምስክር ናቸው። ደግሞም ቀጥሎ ያለው ቁጥር 20 ኃጢአት የሚሠሩትን «በሁሉ ፊት ገሥጻቸው» ስለሚል፣ 19ን ጠቅሶ 20ን መተው አይቻልም።

የቤተ ክርስቲያን ድርሻ አጭር ነው፤ ልጁን ከአደጋው መለየት፣ ሰውየውን ከአገልግሎት ማገድ፣ ለፖሊስ ወይም ለልጆች ጥበቃ አካል በዚያው ቀን ማሳወቅ። ማገድ ፍርድ አይደለም፤ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘም የሚመለስበት መንገድ አለ። መቼ ሪፖርት ይደረግ የሚለው ስብሰባ የሚጠራበት ጉዳይ አይደለም። ጥርጣሬ ይበቃል፤ ማረጋገጥ የመርማሪው ሥራ ነው።

«የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይጠፋ»

ጆን ስማይዝ የተባለ እንግሊዛዊ ጠበቃ ቄስ አልነበረም። በክርስቲያን ወጣቶች ካምፕ የሚያገለግል የተከበረ ምእመን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ መጀመሪያ ልጆችን በመንፈሳዊ ተግሣጽ ስም ደም እስኪፈስ ይገርፍ ነበር። በ1982 ጉዳዩ በውስጥ ሪፖርት ተጻፈ፤ ለፖሊስ ግን አልተሰጠም። ከሚያውቁት አንዱ ቄስ ነገሩ ይፋ ቢሆን ለእግዚአብሔር ሥራ ትልቅ ጉዳት ነው ብሎ ማሰቡን በኋላ ተናግሯል። ሰውየው ወደ ዚምባብዌ ሄዶ እዚያም የልጆች ካምፕ ከፈተ፣ ቀጥሎም ደቡብ አፍሪካ ገባ። በ2018 ሳይፈረድበት ሞተ። በኅዳር ወር 2024 የወጣው ገለልተኛ ምርመራ ከ100 በላይ ተጠቂዎችን ቆጠረ፤ በቀናት ውስጥም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ ከሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። እንግሊዝ ውስጥ የተደበቀው ነገር ዋጋውን የከፈሉት የአፍሪካ ልጆችም ናቸው። መደበቁ የቤተ ክርስቲያኗን ስምም አላዳነም፤ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ከነወለዱ ወጣ።

እንዲህ ያለውን ሰው ማዛወር የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 የአሜሪካዋ ፔንሲልቬንያ ግዛት ግራንድ ጁሪ (ወንጀል የሚመረምር የዜጎች ቡድን) ከ300 በላይ የካቶሊክ ካህናትንና ከ1,000 በላይ ልጆችን የሚመለከት ሪፖርት ሲያወጣ፣ አለቆቹ ነገሩን እንዴት ያለዝቡት እንደነበርም ገለጸ፤ መድፈርን «ተገቢ ያልሆነ ንክኪ» እያሉ ይጽፉ ነበር። በእኛም አፍ «ወደቀ»፣ «ተፈተነ»፣ «ሥጋ አሸነፈው» ይባላል። በእነዚህ አነጋገሮች ውስጥ የተጎዳ ልጅ የለም፤ የተሰናከለ አገልጋይ ብቻ ነው ያለው።

«የእኛ ቤተ እምነት እኮ እንደ ካቶሊክ የበላይ የለውም፤ እያንዳንዱ አጥቢያ ራሱን የቻለ ነው» የሚሉም አሉ። የአሜሪካ ደቡብ ባፕቲስቶች መሪዎች ለዓመታት ያሉት ይህንኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 በወጣ ምርመራ ግን በዋና ጽሕፈት ቤታቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ተከሳሽ አገልጋዮች ስም ዝርዝር በምስጢር ተይዞ መኖሩ ታወቀ።

ምስጢረ ንስሐን መጋረጃ ማድረግ

በኦርቶዶክስና በካቶሊክ ሥርዓት ካህን በኑዛዜ የሰማውን አያወጣም። በልጆች ላይ የሚደርስን ጥቃት እንዲመረምር በመንግሥት የተቋቋመው የአውስትራሊያ ሮያል ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ካህናት በኑዛዜ የሰሙትንም ሪፖርት ከማድረግ ግዴታ ነጻ እንዳይሆኑ ሐሳብ አቅርቦ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ክርክሩ ይቀጥል፤ ስህተቱ ግን ሌላ ነው። ከኑዛዜ ውጭ የተሰማውን ሁሉ «ምስጢር ነው» ማለት ነው። ልጅ በአዳራሹ ኮሪደር፣ እናት በቤቷ፣ የመዘምራን መሪ በስልክ የነገሩት ኑዛዜ አይደለም። በኑዛዜ የመጣ አጥቂም ቢሆን ሄዶ ለሕግ እጁን እንዲሰጥ ሊነገረው ይገባል። የተጠቃ ልጅ ደግሞ ሲናዘዝ የራሱን ኃጢአት እየተናገረ እንዳልሆነ ይነገረው፤ ከዚያ ውጭ ለሚያምነው ሰው እንዲናገርም ይረዳ።

ልጁን «ይቅር በል» ማለት

በ2 ሳሙኤል 13 ትዕማር በወንድሟ በአምኖን ከተደፈረች በኋላ ሌላው ወንድሟ አቤሴሎም «ዝም በዪ፤ ወንድምሽ ነው» አላት። አባቷ ዳዊት ተቆጣ፤ ግን ምንም አላደረገም። ትዕማር በአቤሴሎም ቤት ብቸኛ ሆና ቀረች፤ ነገሩም በኋላ በደም አለቀ። ይቅርታ ተጠቂው በራሱ ጊዜ የሚደርስበት ከሆነ ጥሩ፤ ሽማግሌ ቀጥሮ የሚያስፈርመው ግን አይደለም። ቤተሰብን አግባብቶ ክስ ማስነሣት፣ ገንዘብ መቀበል፣ ልጁ ከአጥቂው ጋር እንዲተቃቀፍ ማድረግ ዕርቅ አይባልም።

ወንድ ልጆችን መርሳት፣ ጭካኔን ተግሣጽ ማለት

ስለ ጥቃት ስንናገር አእምሯችን ወደ ሴት ልጆች ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የወጣው የፈረንሳይ ገለልተኛ ኮሚሽን ሪፖርት ከ1950 ጀምሮ በካቶሊክ ካህናትና ገዳማውያን ተጠቁ ብሎ ከገመታቸው 216,000 ልጆች 80 በመቶ ያህሉ ወንዶች ነበሩ። ወንድ ልጅ በኀፍረት ምክንያት ይበልጥ ዝም ይላል። ትልልቅ ልጆች ትንንሾቹን የሚያጠቁበት ሁኔታም አለ፤ ስለዚህ ታዳጊን ብቻውን የሕፃናት ጠባቂ ማድረግ አይገባም።

«ርኩስ መንፈስ አለበት» ብሎ ልጅን ማስራብ፣ ማሰር፣ መደብደብ ወንጀል ነው። ሌሊት የሚሸና፣ የሚቆጣ፣ የሚፈራ ልጅ የጥቃት ምልክት እያሳየ ሊሆን ይችላል፤ መንፈስ እንዲወጣለት ሲደበደብ የመጀመሪያው ጥቃት ይሸፈናል።

«ንስሐ ገብቷል፤ ወደ አገልግሎቱ ይመለስ»

ንስሐው እውነት ሊሆን ይችላል። ወደ ቁርባን መመለስና በልጆች ላይ መሾም ግን የተለያዩ ናቸው። በልጅ ላይ ጥቃት ማድረሱ የተረጋገጠ ሰው ከልጆች ጋር ዳግመኛ አያገለግልም፤ ዕንባው ቢበዛም፣ ስጦታው ቢያስደንቅም። በአምልኮ ይገኝ ከተባለ የጽሑፍ ስምምነት ይፈርም፤ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን አብሮት እንደሚሆን፣ የትኛው ክፍል እንደማይገባ፣ ወደ የትኛው ቤት እንደማይጋበዝ ይጻፍ። ተጠቂው በዚያው አጥቢያ ካለ ሌላ ቦታ የሚሄደው አጥቂው ነው። ስምምነቱን እንደ ውርደት ቆጥሮ አልፈርምም ካለ በዚያ ጉባኤ አይቀመጥ፤ ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ከሄደም እዚያ ላሉ አገልጋዮች ማወቅ ያለባቸው ነገር በስልክም በደብዳቤም ይድረሳቸው።