በስኮትላንድ ደጋ በመኝታ ባቡር፦ ሰው ደጋግሞ የሚሳሳታቸው ነገሮች

መጋረጃውን ስገልጠው ከሐዲዱ ዳር አንድ አጋዘን ቆሞ ነበር። ቀንዱ የተንሰራፋ፣ ጀርባው በጤዛ የራሰ። ባቡሩን ቀና ብሎ አየና ሣሩን መጋጡን ቀጠለ። ከኋላው እስከ ዓይን መጨረሻ ረግረግ ነው። ቡናማ ሣር፣ ጥቁር ውሃ፣ ጉም። ቤት የለም፣ መንገድ የለም። ቦታው ራኖክ ሙር ይባላል። ይህን ለማየት ሁለት ጊዜ መሄድ ነበረብኝ፤ በመጀመሪያው ጉዞ ተኝቼ አልፌዋለሁ።

ጉዞው ውድ ነው። ለብዙዎቻችን በዕድሜ አንዴ የሚደረግ ነገር ነው። ለጫጉላ፣ ለጋብቻ በዓል፣ ወይም እናትና አባት ከአገር ቤት ሲመጡ ይታሰባል። እንዲህ ያለ ጉዞ በትንሽ ስህተት ሲበላሽ ያንገበግባል። ስለዚህ ያየኋቸውን ስህተቶች ላካፍላችሁ።

ሁለቱን ባቡሮች ማምታታት

ዋናው ስህተት ይህ ነው። "የስኮትላንድ የመኝታ ባቡር" ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ።

አንደኛው ሮያል ስኮትስማን ነው። በ1985 የተጀመረ፣ ዛሬ ቤልሞንድ በሚባል ኩባንያ ሥር ያለ የቅንጦት ባቡር። ከኤድንብራ ይነሳል። የሚይዘው ቢበዛ 40 ሰው ነው። ምግቡ፣ መጠጡ፣ በየመንገዱ ወርዶ ጉብኝቱ ሁሉ ዋጋው ውስጥ ነው። ዋጋው ታዲያ ለአንድ ሰው በሺዎች ፓውንድ ነው። ማታ ጸጥ ያለ ቦታ ጥግ ይዞ ስለሚቆም ሰው ተረጋግቶ ይተኛል።

ሁለተኛው ካሌዶኒያን ስሊፐር ነው። ይህኛው መደበኛ የሌሊት ባቡር ነው፤ ከ2023 ጀምሮ በስኮትላንድ መንግሥት እጅ ይገኛል። ማታ ከለንደን ዩስተን ተነስቶ ጠዋት ፎርት ዊልያም፣ ኢንቨርነስ ወይም አበርዲን ያደርሳል። ሌሊቱን ሙሉ ይጓዛል። ኤድንብራ ሲደርስ ፉርጎዎቹ ለሦስት ስለሚከፈሉ እንቅልፋችሁ ቀላል የሆነ የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ቅዳሜ ማታ አይነሳም።

አንድ ወዳጄ ባለቤቱን ሊያስደንቅ ፈልጎ በካሌዶኒያን ርካሹን ክፍል ያዘ። ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ ላቫንዲኖ፣ ሽንት ቤቱ ኮሪደር ላይ። ክፍሉ ንጹሕ ነበር፣ የተባለው ሁሉ ነበር። እሷ ግን የጠበቀችው በፎቶ ያየችውን የእንጨት ጌጥና የሻማ እራት ነው። ያ ሌላኛው ባቡር ነበር። በካሌዶኒያን የራሱ ሻወርና ሽንት ቤት ያለው ክፍል ከፈለጋችሁ ክለብ ወይም ደብል የሚባለውን ምረጡ። እኔ በግሌ ገንዘብ ለሚቆጥብ ሰው የካሌዶኒያን ክለብ ክፍል በቂ ነው እላለሁ።

ቪዛውን እንደ አውሮፓ ማሰብ

ስኮትላንድ የብሪታንያ ክፍል ናት። የሸንገን ቪዛ እዚያ አይሠራም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው አሜሪካ ግሪን ካርድ ቢኖረውም የብሪታንያ ቪዛ ያስፈልገዋል። ከገልፍ አገሮች የምትመጡም እንደዚያው። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም (ከአየርላንድ በቀር) የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ፓስፖርት ያላችሁ ደግሞ ከ2025 ጀምሮ ኢቲኤ የሚባል የጉዞ ፈቃድ በኢንተርኔት ቀድማችሁ ማውጣት አለባችሁ። ከለንደን ወደ ስኮትላንድ ሲኬድ ግን የፓስፖርት ፍተሻ የለም።

ብርሃኑን አለማስላት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔን ያስቆጨኝ ይሄ ነው።

ሰው ቀኑን የሚመርጠው በዋጋና በእረፍት ነው። ፀሐይ መቼ እንደምትወጣ የሚያይ የለም። ስኮትላንድ ግን ከምድር ወገብ ሩቅ ናት፤ እንደኛ አገር ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ቀን የለም። በጁን ፎርት ዊልያም ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ ነው። በዲሴምበር ደግሞ የምትወጣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ የምትጠልቀው ከ10 ሰዓት በፊት ነው። የፎርት ዊልያሙ ባቡር ደግሞ የመንገዱን ምርጥ ክፍል የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በዲሴምበር የሄደ ሰው አብዛኛውን ፀሐይ ሳትወጣ ያልፈዋል ማለት ነው።

(ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። ትኬቱ ላይ 21:15 ካለ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሩብ ነው። ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ ካለ ደጋግማችሁ ንገሩት።)

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት በሜይ ነበር፤ ብርሃን ሞልቷል። ግን ማታ ስናወራ አምሽተን መጋረጃውን ዘግቼ ተኛሁ። ስነቃ መድረሻችን ተቃርቧል። ስለዚህ የስልካችሁን ማንቂያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሙሉት። ልብሱ ይቆይ፣ መጋረጃው ይቅደም። ከታይንድረም ወደ ብሪጅ ኦፍ ኦርኪ ሲኬድ ሐዲዱ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ይዞ ሸለቆውን ይዞራል። ከዚያ ራኖክ ሙር ይመጣል።

ይህ መንገድ የተከፈተው በ1894 ነው። ረግረጉ መሠረት አልይዝ ስላለ ሐዲዱን ያስቀመጡት በታሰረ ጭራሮ፣ በአፈርና በአመድ ላይ ነው። እስከ ዛሬም ባቡሩ የሚሄደው በዚያ ላይ ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ ከባቡር ኩባንያው ዳይሬክተሮች አንዱ የሆነው ሬንተን ከራሱ ሀብት አውጥቶ ሥራውን አስቀጠለ። ሠራተኞቹ ምስሉን ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ቀርጸውለት ዛሬም ራኖክ ጣቢያ ላይ ይታያል። የባቡሩ ቆይታ አጭር ስለሆነ በመስኮት ፈልጉት። ቀጥላ ኮራውር የምትባል ጣቢያ አለች፤ የሕዝብ መኪና መንገድ የማይደርስባት።

ከፍታ መጠበቅ

ሰሜን ተራሮችን ያየ ሰው "ሃይላንድ" ሲባል ገደል ይጠብቃል። ኮራውር በብሪታንያ ዋና የባቡር መስመር ላይ ካሉ ጣቢያዎች ከፍተኛዋ ናት፤ ከፍታዋ ግን 408 ሜትር ብቻ ነው። አዋሽ ከተማ ከእሷ ይበልጣል። የአገሪቱ ትልቁ ተራራ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከጫፉ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ትበልጣለች። ታዲያ በከፍታ አትለኩት። የቦታው ውበት ብርሃኑና ውሃው ነው። ደመናው ይወርዳል፣ ይከፈታል፣ ሐይቁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ቀለም ይለዋውጣል።

ጾምን እራት ላይ መናገር

የባቡር ወጥ ቤት ጠባብ ነው፤ የሚጫነውም ቀድሞ የታሰበው ነው። ሲበዛ ቅቤ፣ ክሬም፣ ዓሣና የአጋዘን ሥጋ ነው። የሮያል ስኮትስማን ወቅት ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ነው። ፍልሰታ ኦገስት 7 ይገባል፤ ሁዳዴም ብዙውን ጊዜ ኤፕሪል ላይ ይደርሳል። ቦታ ስትይዙ "ቪጋን" በሉ። "ቬጀቴሪያን" ካላችሁ ወተትና እንቁላል ይመጣል። "ዓሣም አልበላም" ብላችሁ ጨምሩ። ረቡዕና ዓርብን ብቻ የምትጾሙ ከሆነ ቀኖቹን በጽሑፍ ስጡ። ሐላል ለሚመገብም እንዲሁ ነው፤ ቀድሞ መጠየቅ።

መጠጥ ተከፍሎበታል ተብሎ ውስኪ ማብዛትም አለ። ያ ሰው ጠዋት መስኮቱ ጋ አይገኝም።

ትልቅ ሻንጣና ትንሽ ልብስ

ካቢኑ ውስጥ ትልቅ ሻንጣ ተከፍቶ ሰው አይተላለፍም። ለስላሳ ቦርሳ ይሻላል፤ አልጋ ሥር ይገባል። በሌላ በኩል ሙቅ ልብስ መቀነስ አያዋጣም፤ በጁላይም ይዘንባል፣ ይቀዘቅዛል።

በሮያል ስኮትስማን ላይ ሙሉ ልብስ የሚለበስበት እራት አለ። ወንዶቹ ጥቁር ሱፍ ከቢራቢሮ ክራቫት ጋር ወይም ኪልት የሚባለውን የስኮትላንዶቹን የወንድ ጉርድ ቀሚስ ይለብሳሉ። የእኛ ሰው ደግሞ ተጨንቆ ቀሚስ ሊገዛ ይሮጣል። ለምን? እነሱ የአገራቸውን ለብሰው ሲቀመጡ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ከዚህ የበለጠ የሚያምርበት ቦታ አላውቅም። ኮሪደሩ ጠባብ ስለሆነ ግን ቀሚሱ ሰፊ አይሁን።

ጋቢም ያዙ። የሮያል ስኮትስማን መጨረሻ ፉርጎ ክፍት በረንዳ አለው። ካቢን ውስጥ ተዘግቶ ከመዋል እዚያ ጋቢ ደርቦ መቆም ይሻላል።

ትንኟን መናቅ

ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር "ሚጅ" የሚሏት ጥቃቅን ተናካሽ ትንኝ አለች። ነፋስ ሲኖር አትመጣም። ጸጥ ባለ እርጥብ ምሽት ግን በመንጋ ነው። የሚቀባ መከላከያ ያዙ፤ እጅጌው ረጅም ልብስ ልበሱ።

በዚያው ቀን በረራ መያዝ

ባቡር ይዘገያል፣ በተለይ በዝናብና በማዕበል ቀን። በዚያ ላይ ፎርት ዊልያም ላይ አየር ማረፊያ የለም። አንድ ሌሊት እደሩ።

ይህ ሌላም ስህተት ያርማል። ብዙ ሰው በፊልም የታየውን ባለ 21 ቅስት ድልድይ፣ ግሌንፊናንን፣ በካሌዶኒያን የሚያልፍ ይመስለዋል። ካሌዶኒያን ፎርት ዊልያም ላይ ያበቃል። ድልድዩ ያለው በ1901 በተከፈተው የማላይግ መስመር ላይ ነው። በማግስቱ ጠዋት የአካባቢውን ባቡር ያዙና በጉዞው አቅጣጫ በግራ በኩል ተቀመጡ።