አዲስ ሰው ውክፔዲያ ላይ እንዲጽፍ ስናለማምድ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉ የከፋው ስህተት ማውሱን ከተማሪው እጅ መቀማት ነው። ሰውየው ቁልፉን ሲፈልግ ይዘገያል፣ እኛ ትዕግሥት እናጣለን፣ «ቆይ ላሳይህ» ብለን በሦስት ሰከንድ ጨርሰን እንመልስለታለን። አየ እንጂ አልሠራም። ቤቱ ሲገባ ከየት እንደሚጀምር ይጠፋዋል።

አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር አጠገብ ተቀምጬ እጄን ለመሰብሰብ የታገልኩበትን ከሰዓት አልረሳውም። ስለ ዐድዋ ድል የተጻፈ ገጽ እያነበቡ «የካቲት 23 ቀን 1888» የሚለው ላይ ሲደርሱ «ዓመተ ምሕረቱስ?» አሉ። «ጋሼ፣ እርስዎ ያስገቡት» አልኳቸው። ጠቋሚውን ከመጨረሻዋ 8 ጀርባ እስኪያሳርፉ፣ ሁለት ፊደልና ሁለት ነጥብ እስኪጽፉ አምስት ደቂቃ ያህል ፈጀ። አስቀምጠው የገጹን እርማቶች ዝርዝር የሚያሳየውን «ታሪክ» የሚለውን ሲከፍቱ ስማቸው ከነሰዓቱ ተመዝግቧል። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡት። ከዚያ በኋላ ማንም ሳያስታውሳቸው በራሳቸው ጊዜ እየገቡ ያርሙ ጀመር።

ያቺ እርማት ደግሞ ቀላል አልነበረችም። የዘመን አቆጣጠሩ ያልተጠቀሰ ቁጥር በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ አንባቢን ያሳስታል። ዐድዋ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1896 ስለሆነ ልዩነቱ 8 ዓመት ነው፤ የፋሺስት ጣሊያን ወረራ የጀመረው በመስከረም 1928 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1935 በመሆኑ እዚያ 7 ይሆናል። አዲሱ ሰው ከእንግሊዝኛ ሲተረጉም ቁጥሩን እንዳለ እንዳይገለብጥ በመጀመሪያው ቀን ሊነገረው ይገባል።

ሌሎች ደንቦች ግን ይቆዩ። ሰዎችን ሰብስቦ ስለ ገለልተኝነት፣ ስለ ምንጭና ስለ ቅጂ መብት አንድ ሰዓት ሙሉ ማስተማር ገና ያልጀመረውን ሰው ያስፈራዋል። ደንቡ የሚገባው ሲያስፈልገው ነው።

«አዲስ ገጽ ፍጠሩ» ብሎ መጀመርም ይጎዳል። የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ስለ ራሱ፣ ስለ አጎቱ ወይም ስለሚሠራበት ድርጅት መጻፍ ነው። ስለ ሰውየው ገለልተኛ ወገን የጻፈው ነገር ከሌለ ገጹ ይሰረዛል፤ ጸሐፊውም ቅር ብሎት ይሄዳል። ቀድሞ በተጻፈ ገጽ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከነምንጯ ቢጨምር ሥራው ጸንቶ ይቆይለታል።

ምንጭ ሲጠየቅ «ይህንንማ ሁሉም ያውቀዋል» የሚለው መልስ የታወቀ ነው። እዚህ ላይ ደረቅ መሆን አይገባም፤ ከአያቱ አፍ የሰማውን ታሪክ ይዞ የመጣ ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል። ውክፔዲያ ግን መዝገበ ዕውቀት በመሆኑ የታተመ ነገር ይጠይቃል። ይህን በግልጽ ነግሮ፣ አብሮ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ፣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመውን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ማገላበጥ ከብዙ ምክር ይሻላል።

የእኛን ቋንቋ በተለይ የሚፈትነው የፊደል ጉዳይ ነው። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ሊሆኑ ይችላሉ። አዲሱ ሰው በአንዱ ፈልጎ ሲያጣ «ገጹ የለም» ብሎ ሌላ ይጀምራል፤ ስለ አንድ ነገር ሁለት ገጽ ይወለዳል። ስለዚህ በሀ፣ በሐና በኀ፣ በሰና በሠ፣ በአና በዐ፣ በጸና በፀ እየለዋወጠ ሳይፈልግ አዲስ ገጽ እንዳይከፍት አስለምዱት። አንዱን አጻጻፍ የፈለገ አንባቢ ወደ ሌላው እንዲመራ ማድረግም ይቻላልና ያንን አሳዩት። የሌላውን ጸሐፊ «ሰ» ሁሉ ወደ «ሠ» እየለወጡ መዋል ግን በእኔ እምነት እርማት አይደለም፤ ጠብ ከመጫር በቀር ለገጹ የሚጨምረው የለም።

በኮምፒውተር የተተረጎመን ጽሑፍ ሳያነቡ መለጠፍ አይፈቀድ፤ ጮክ ብሎ ያነበበው ሰው ጉድለቱን ራሱ ይሰማዋል።

ለብዙ ሰው ሥልጠና የሚያዘጋጅ ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፦ ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በአንድ ቀን የሚከፈተው አካውንት 6 ብቻ ነው። ሃያ ሰው በአንድ ዋይፋይ ላይ ቢቀመጥ ሰባተኛው ይከለከላል። አካውንታቸውን ከቤታቸው ከፍተው ይምጡ። ሁሉም አንድ ገጽ ላይ እንዳይሠሩም ገጾቹን አስቀድሞ ማከፋፈል ያስፈልጋል፤ አለዚያ የአንዱ እርማት ከሌላው ጋር ይጋጫል።

በመጨረሻ፣ የአዲስ ሰውን ጽሑፍ ያለ አንዲት ቃል ማብራሪያ መሰረዝም ስህተት ነው። እኛ በሺህ የሚቆጠር እርማት ስላየን አይታወቀንም፤ እሱ ግን ሌሊቱን አምሽቶ የጻፈውን ጠዋት ሲያጣው ከቤት እንደ ተባረረ እንግዳ ይሆናል። ጽሑፉ መነሣት ካለበት ይነሣ፤ ነገር ግን በ«ውይይት» ገጹ ላይ በስሙ ጠርተን መልእክት እንተውለት። እኔ የምጽፈው እንዲህ ያለ ነው፦ «ሰላም። ስለ ትውልድ ከተማዎ የጻፉትን አንቀጽ ምንጭ ስላልተጠቀሰለት ለጊዜው አንሥቼዋለሁ። ጽሑፍዎ አልጠፋም፤ ‹ታሪክ› ውስጥ እንዳለ ነው። ስለ ገበያው የጻፉትን ወድጄዋለሁ። መጽሐፉንና የገጹን ቁጥር ካገኙ ይንገሩኝ፣ አብረን እንመልሰዋለን።»