ለክልል ሬዲዮ የሳምንት የፕሮግራም ሰሌዳ አዘገጃጀት

በክልል የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያ የፕሮግራም ሰሌዳ ሊወጣ ሲል በስብሰባው ላይ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ለየትኛው ዴስክ (የዝግጅት ክፍል) ስንት ደቂቃ ይሰጠው?» የሚል ነው። ጥያቄው መነሣቱ ባይቀርም መነሻ ሊሆን አይገባም፤ ከእርሱ የተነሣ ሰሌዳ የመሥሪያ ቤቱን መዋቅር እንጂ የአድማጩን ውሎ አይመስልም። ከዚህ በታች የቀረበው ከአድማጩ ውሎ ተነሥቶ ሰሌዳ የማውጣት አሠራር ሲሆን፣ ምሳሌዎቹ ከአማራ ክልል የተወሰዱ ናቸው።

የመጀመሪያው ሥራ ከቢሮ ወጥቶ ውሎ መመዝገብ ነው። ከደጋ አንድ ቀበሌ፣ ከቆላ አንድ ቀበሌና አንድ የወረዳ ከተማ ይመረጡና ሰዎች በየቤታቸው ይጠየቁ። «የትኛውን ፕሮግራም ትወዳላችሁ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው እንግዳን ላለማስቀየም ሲል ሁሉም ጥሩ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ስለዚህ «ትናንት ሬዲዮው መቼ ተከፈተ? ማን ከፈተው? መቼስ ተዘጋ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። እኔ በምሠራበት ጣቢያ የግብርናው ፕሮግራም ለረጅም ጊዜ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ይተላለፍ ነበር። አንድ ጊዜ ለዘገባ በገባንበት የገበሬ ቤት ሬዲዮው የባትሪ ድንጋዩ እንዳይወድቅ በላስቲክ ታስሮ ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል፤ አባወራው በዚያ ሰዓት እርፍ ጨብጠው እርሻ ላይ እንደሚገኙ፣ ስለ ዘር አዘራር የምናስተላልፈውን ምክር ቤት የሚጠብቁት ልጆች ብቻ እንደሚሰሙት በትሕትና ነገሩን። ፕሮግራሙን ወደ ምሽት ያዛወርነው ከዚያ በኋላ ነው።

ውሎው ሲመዘገብ የሳምንቱ ቀናት ብቻቸውን እንደማይበቁ ይታያል። በኦርቶዶክስ አማኝ ገበሬ ዘንድ በየወሩ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 29 በዓለ ወልድና ሌሎችም የሚከበሩ ቀናት ስላሉ በእነዚህ ዕለታት በብዙ ቦታ በሬ አይጠመድም፤ ሰውም ከቤተ ክርስቲያን መልስ በአካባቢው ስለሚውል በሌላ ቀን የማይገኘው የቀን አድማጭ ይገኛል። ይሁን እንጂ ማርያም በዚህ ወር ማክሰኞ ብትውል በሚቀጥለው ወር ሐሙስ ስለምትውል በሰኞ–እሑድ ሰንጠረዥ ውስጥ ልትገባ አትችልም። መፍትሔው ከቋሚው ሰሌዳ ጎን ቀኑ በወር የሚወሰን ተንቀሳቃሽ ዓምድ መክፈት ነው። ወሎን በመሰሉ ሙስሊሞች በብዛት በሚኖሩባቸው አካባቢዎች ደግሞ የዓርብ ቀትር ሶላት፣ በረመዳንም የማፍጠሪያና የሱሁር ሰዓት በዚሁ ዓምድ ይያዛሉ፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመለስ የአምናውን ሰሌዳ መገልበጥ አይቻልም።

ቀጥሎ የሚታየው ድምፁ በየትኛው ሰዓት የት እንደሚደርስ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ በአመዛኙ በቀጥታ መሥመር ስለሚጓዝ ከተራራ ጀርባ ወዳለው ሸለቆ በደንብ አይደርስም፤ መካከለኛ ሞገድ ግን የመሬትን ገጽ ተከትሎ ስለሚሄድ ሰፊ ገጠር ይሸፍናል። በተጨማሪም ቀን ላይ ሞገዱን የሚውጠው፣ ከምድር በጣም ከፍ ብሎ የሚገኘው የአዮኖስፌር የታችኛው ንብርብር ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚጠፋ መካከለኛ ሞገድ በሌሊት እጅግ ሩቅ ይደርሳል፤ እርግጥ ነው፣ የሩቅ አገር ጣቢያዎችም በዚያው መንገድ መጥተው ይረብሹታል። እንግዲህ ለሩቅ ወረዳዎች የታሰበ ዝግጅት ለምሽት፣ የከተማ የትራፊክና የገበያ መረጃ ደግሞ ለኤፍ ኤም ጠዋት ቢመደብ ይመረጣል።

ርእሶቹ በበኩላቸው ከዓመቱ ሥራ ጋር መጣጣም አለባቸው። እዚህ ላይ አዘጋጆች ደጋግመን የምንሳሳተው ጉዳዩን የምናነሣው ዜና በሆነበት ሰሞን መሆኑ ነው። ጤፍ በሐምሌ ለሚዘራ ገበሬ ስለ ዘር መረጣ የሚሰጠው ምክር በሐምሌ ከመጣ ዘግይቷል፤ ምርጥ ዘር ማፈላለግ፣ ገንዘብ ማዘጋጀትና ከቤተሰብ ጋር መመካከር ጊዜ ይፈልጋልና ቢያንስ በሰኔ መጀመሪያ መተላለፍ ይኖርበታል። በስንዴ ላይ ስለሚወርደው ዋግም ማስተማር የሚገባው ቅጠሉ ሳይዝግ በፊት ነው። የወባው ዋና ወቅት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስለ ሆነ አጎበርን የሚመለከተው ዝግጅት በነሐሴ ይጀመር።

ስለ ቋንቋ አጭር ነገር ልበል። በክልሉ ከአማርኛ በተጨማሪ በአዊኛ፣ በኽምጣንጋና በኦሮምኛ የሚተላለፉ ዝግጅቶች አሉ፤ ለእነዚህ የተረፈውን ሰዓት ሰጥቶ የአማርኛውን ዜና ማስተርጎም በቂ አይደለም። የራሳቸው ሪፖርተር፣ የራሳቸው ርእስና ሰው ቤት የሚገኝበት የራሳቸው ሰዓት ያስፈልጋቸዋል።

ሰሌዳው ላይ «30 ደቂቃ» ተብሎ የተጻፈው ዝግጅት መለያ ዜማው፣ ማስታወቂያውና ስንብቱ ሲቀነሱለት 27 ወይም 28 ደቂቃ ቢቀረው ነው። አዘጋጁ አንድ ገጽ ስክሪፕት በራሱ ድምፅ፣ ለአየር በሚያነብበት ፍጥነት አንብቦ በሰዓት ይለካ፤ በዓይን ሲያነቡት አምስት ደቂቃ የመሰለ ጽሑፍ ማይክሮፎን ፊት ሰባት ሊፈጅ ይችላል። ድጋሚ ስርጭትም በሌላ ቀን ብቻ ሳይሆን በሌላ ሰዓት ይሁን፤ የሰኞ ምሽቱ ዝግጅት ረቡዕ ምሽት በዚያው ሰዓት ቢደገም የሚያገኘው በአብዛኛው ያንኑ አድማጭ ነው። ዜናን ግን ያለ ብርቱ ምክንያት ከቦታው አታንቀሳቅሱት፤ የዜናውን መለያ ዜማ ሰምቶ ራት የሚያቀርብ ቤት አለ።

በመጨረሻ ሰሌዳው ወደ ቴክኒክ ክፍል ከመውረዱ በፊት በሁለት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር፣ በእኛውና በኮምፒውተሩ የ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ ይጻፍ። አዘጋጁ «ከምሽቱ 2 ሰዓት» ያለው በስርጭት ኮምፒውተሩ ላይ 20:00 ነው፤ የጠዋቱ 12 ሰዓት ደግሞ 06:00 ይሆናል። ይበልጥ የሚያሳስተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው፤ ለእኛ ገና የሰኞ ሌሊት የሆነው 7 ሰዓት ለኮምፒውተሩ የማክሰኞ 01:00 ስለ ሆነ፣ የሰኞን የሌሊት ሙዚቃ በሰኞ ዝርዝር ውስጥ የጫነ ቴክኒሺያን ዝግጅቱን አንድ ቀን አስቀድሞ ያስተላልፈዋል። በወር የሚከፈል የስፖንሰር ውል ካለም የጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀናት በየትኛው ወር ሒሳብ እንደሚገቡ ውሉ ሲፈረም ይወሰን።