የዋተር ሂተሩ ፓይለት እየጠፋ ሲያስቸግር
አሜሪካ ውስጥ ቤዝመንት ያላቸው ብዙ ቤቶች ውሃ የሚያሞቁት በጋዝ ታንክ ነው። ፓይለቱ (ትልቁን እሳት የሚለኩሰው፣ ሁልጊዜ የሚነደው ትንሽ እሳት) ሲጠፋ ብዙ ሰው ሮጦ ተርሞካፕል፣ ማለትም እሳቱ መኖሩን ለቫልቩ የሚያሳውቀውን ዘንግ፣ ይገዛል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያው ነው፤ ግን ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት መቼ እንደሚጠፋ ያስተውሉ።

ጋዝ ከሸተተዎት ምንም አይነካኩ፤ መብራትም አያብሩ፣ አያጥፉ። ከቤት ወጥተው ለጋዝ ኩባንያው ወይም ለ911 ይደውሉ። ካልሸተተ ታንኩ ላይ ያለውን የጋዝ ማዞሪያ ዘግተው 5 ደቂቃ ይጠብቁና ጎንበስ ብለው ወለሉ አጠገብ ያሽትቱ። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል።

ማዞሪያውን ሲለቁት ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ

ተርሞካፕሉ ጫፉ እሳት ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን የመዳብ ዘንግ ነው። ጫፉ ሲግል ከ25 እስከ 30 ሚሊቮልት ያመነጫል፤ ቫልቩ ውስጥ ያለውን ማግኔት ይዞ ጋዙን የሚያሳልፈው ይህች ኤሌክትሪክ ናት። ስትደክም ቫልቩ ይዘጋል።

መጀመሪያ ማዞሪያውን ሙሉ 60 ሴኮንድ ተጭነው ይያዙ፤ 20 ላይ የሚለቅ ብዙ ነው። ቀጥሎ ተርሞካፕሉ ቫልቩ ላይ የሚታሰርበትን ዳዶ ይመልከቱ። በእጅ እስኪጠብቅ ያዙሩትና በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ ይጨምሩ። ከዚያ በላይ ካጠበቁት ቫልቩ ውስጥ የሚገባው ጫፍ ላይ ያለው መከለያ ይጨፈለቃል። ከዚያ እሳቱን ይዩ፦ ሰማያዊ ሆኖ የተርሞካፕሉን ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል መክበብ አለበት።

እሳቱ ደህና ሆኖም ከጠፋ ዘንጉን ከቫልቩ ፈተው ፓይለቱ ማዞሪያው ተይዞ እየነደደ በማልቲሜትር ይለኩ፤ አንዱን ሽቦ መዳቡ ላይ፣ ሌላውን ከቫልቩ በተፈታው ጫፍ ላይ። ከ20 ሚሊቮልት በታች ካነበበ ይቀይሩት። ደህና ካነበበ ጥፋቱ ምናልባት የቫልቩ ማግኔት ነው፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። ሲገዙ የድሮውን ይዘው ይሂዱ፣ ርዝመቱ ይለያያል፤ አንዳንዱ ዳዶ ደግሞ በተቃራኒ ነው የሚፈታው። ቫልቩ ላይ ብልጭ የሚል መብራት ካለ ያለዎት ምናልባት በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊቮልት የሚሰጠው ተርሞፓይል ነው፤ ተራው ተርሞካፕል አይተካውም።

እሳቱ ትንሽ፣ ቢጫና ዘንበል ያለ ከሆነ

የፓይለቱን ቀዳዳ አቧራ፣ ዝገት ወይም የሸረሪት ድር ዘግቶታል። ጋዙን ከቧንቧው ዘግተው፣ ማቃጠያውን ሙሉ በሙሉ አውጥተው በታሸገ አየር ይንፉት። መርፌ አያስገቡ፤ ቀዳዳው ከሰፋ እሳቱ ያለልክ ያድግና ጥቀርሻ ያጠራቅማል። ማቃጠያው የሚወጣበት በር ላይ ያለው ማሸጊያ ከተቀደደ በአዲስ ይተካ።

ሰዓታት ሠርቶ፣ ወይም ትልቁ እሳት ሲነሳ የሚጠፋ ከሆነ

ይሄኛው የአየር ጉዳይ ነው፤ አደገኛውም ይኸው ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ ታንኮች እግራቸው ሥር የአየር ወንፊት አላቸው። የልብስ ማድረቂያው አጠገብ ካለ የጨርቅ ብናኝ ይደፍነዋል፤ በቫኪዩም ይጥረጉት።

ወንፊቱ ንጹሕ ከሆነ ጭስ ማውጫውን ይፈትሹ። በሮቹንና መስኮቶቹን ይዝጉ፤ ማድረቂያውንና የመታጠቢያ ቤቱን ፋን ያብሩ። ትልቁ እሳት 5 ደቂቃ ከነደደ በኋላ ሰንደል ለኩሰው ከታንኩ አናት፣ ጭስ ማውጫው ከሚጀምርበት ክፍተት አጠገብ ይያዙ። ጭሱ ወደ ውስጥ መሳብ አለበት። ወደ ፊትዎ ከተመለሰ ካርቦን ሞኖክሳይድ (የማይሸት መርዛማ ጋዝ) ቤት ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል፦ ታንኩን ያጥፉ፣ ቤተሰቡን ያስወጡ፣ ባለሙያ ይጥሩ። በነፋስ ቀን ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማውጫው ክዳን ወልቆ ወይም ተሰብሮ ሊሆን ይችላል።

መልሰው ከገጠሙ በኋላ ፓይለቱን ለኩሰው የፈቱት የጋዝ መገጣጠሚያ ላይ የሳሙና ውሃ ይቀቡ፤ ትልቁ እሳት ሲነሳም ይድገሙት። አረፋ ከነፋ ያፈሳል፤ ዘግተው እንደገና ይግጠሙት። የተርሞካፕሉ ዳዶ ላይ ግን ቴፕም ሆነ ማጣበቂያ አያድርጉ፤ ጋዝ አያልፍበትም፣ ኤሌክትሪኩን ብቻ ያውክበታል።