አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት በዓለም አቀፍ የቱሪዝም ኤግዚቢሽን ላይ ስታንድ (የማሳያ ቦታ) ይያዝ? ውሳኔው እንዴት እንደሚሰጥ

አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ላንድክሩዘር፣ አንድ ጠባብ ቢሮና ጥቂት ሠራተኞች ይዞ የሚሠራ አስጎብኚ «ዘንድሮ በርሊን ኤግዚቢሽኑ ላይ አትሄድም ወይ?» የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይቀርብለታል። ጥያቄው ከሙያ ጓደኞቹ ወይም ከአዘጋጆቹ ኢሜይል ሊመጣ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚመለሰው በስሜት ነው። ተፎካካሪው ስለሄደ የሚሄድ አለ፤ አንድ ጊዜ ሄዶ ባዶ እጁን በመመለሱ ዳግመኛ ላይሄድ የማለ ሰውም አለ። ለኤግዚቢሽን የሚወጣው ገንዘብ ለእንዲህ ዓይነቱ ድርጅት የአንድ ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ ሊያህል ስለሚችል፣ ውሳኔው ከሁለቱም የተሻለ መሠረት ያስፈልገዋል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ስታንድ መከራየት ያለበት የምናነጋግራቸው ገዢዎች፣ ማለትም ጉብኝታችንን ለደንበኞቻቸው የሚሸጡ የውጭ የጉዞ ድርጅቶች፣ ስም በወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም። የሚከተሉት ደረጃዎችም ወደዚያ ዝርዝር የሚያደርሱ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ጉብኝቱን በትክክል ማን እንደሚገዛችሁ ለዩ

ያለፉትን ሁለት ወይም ሦስት ዓመታት የደንበኞች መዝገብ አውጡና እያንዳንዱ ቡድን በምን መንገድ እንደመጣ ጻፉ። ከውጭ አገር የጉዞ ድርጅት የተላከ ነው? ራሱ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ያገኛችሁ ነው? በቀድሞ ደንበኛ ጥቆማ የመጣ ነው? ወይስ ቤተሰቡን ይዞ አገሩን ሊያይ የመጣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነው?

ይህ መለያ ከሌሎቹ ደረጃዎች ሁሉ ይበልጣል። የለንደኑ ወርልድ ትራቭል ማርኬትና የበርሊኑ አይቲቢ በዋናነት ድርጅት ከድርጅት ጋር የሚዋዋልባቸው ገበያዎች ናቸው። አይቲቢ በእ.ኤ.አ. 1966 የተጀመረ ሲሆን፣ ለረጅም ዓመታት በመጨረሻዎቹ ቀናት ለሕዝብ ክፍት ይሆን ነበር፤ ከእ.ኤ.አ. 2023 ወዲህ ግን ለባለሙያዎች ብቻ የሚካሄድ የሦስት ቀን ዝግጅት ሆኗል። ስለዚህ ደንበኞቹ በሙሉ ራሳቸው ፈልገው የሚመጡ ተጓዦች የሆኑለት ድርጅት፣ ያን ገንዘብ ለድረ ገጹና ለፎቶግራፍ ቢያውለው የተሻለ ይጠቀማል።

ዋና ደንበኞቻችሁ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከሆኑም በርሊን አታገኟቸውም። ለእነርሱ የሚቀርበው በእ.ኤ.አ. 1984 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በአሜሪካ የበጋ ወራት፣ ከተማ እየቀያየረ የሚያካሂደው የእግር ኳስ ዝግጅት ነው። እዚያ ድንኳን ተከራይቶ፣ ልጆቻቸውን አክሱምን፣ ላሊበላንና ሐረርን ሊያሳዩ ከሚያስቡ ወላጆች ጋር በአማርኛ መነጋገር፣ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ከመቆም የበለጠ ፍሬ ሊሰጥ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ከገዢው ተነሥታችሁ ኤግዚቢሽኑን ምረጡ

መዝገቡ ከውጭ ድርጅቶች ጋር መሥራት እንደሚያዋጣችሁ ካሳየ፣ ቀጥሎ የሚመጣው የየትኛው አገር ድርጅቶች ናቸው የሚለው ነው። ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹን ለማግኘት በየካቲት መጨረሻ ገደማ የሚካሄደው አይቲቢ፣ እንግሊዞቹን ለማግኘት በእ.ኤ.አ. ኅዳር ወር የሚካሄደው የለንደኑ፣ ስፔኖቹንና የላቲን አሜሪካዎቹን ለማግኘት ደግሞ በጥር የሚካሄደው የማድሪዱ ፊቱር ይታሰባል። የባሕረ ሰላጤው ገበያ የሚገናኘው ዱባይ በሚካሄደው አረቢያን ትራቭል ማርኬት ነው። አፍሪካ ውስጥም የኬፕታውኑ ወርልድ ትራቭል ማርኬት አፍሪካ፣ የደርባኑ ኢንዳባና የናይሮቢው ማጂካል ኬንያ አሉ። ናይሮቢ ቅርብ ናት፤ የኬንያን ሳፋሪ ከኢትዮጵያ ጉብኝት ጋር አያይዞ መሸጥ የሚፈልግ ሰው ከእርሷ ቢጀምር ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያሰሉት አንድ ወጪ አለ፤ እርሱም ጊዜ ነው። የእኛ የጉብኝት ወቅት በአብዛኛው ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት ይዘልቃል፤ የለንደኑ፣ የማድሪዱና የበርሊኑ ዝግጅቶች ሦስቱም የሚውሉት በዚሁ ወቅት ነው። በተለይ ፊቱር የሚከፈተው በጥምቀት ሰሞን ስለሆነ፣ ባለቤቱ ራሱ መሪ፣ ሒሳብ ሠራተኛና ችግር ፈቺ በሆነበት ድርጅት ውስጥ የእርሱ ለአንድ ሳምንት መጥፋት ጎንደር ላይ ያለን ቡድን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። በአንጻሩ ለወፍ ተመልካቾች የሚዘጋጀው ግሎባል በርድፌር በእንግሊዝ ሩትላንድ የሚካሄደው በሐምሌ፣ እኛ ዘንድ ክረምት ገብቶ ሥራ በቀዘቀዘበት ወር ነው። አገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ያሏት ከመሆኑም በላይ፣ ከነዚህ መካከል እንደ ያቤሎ አካባቢዋ ጥቁርና ግራጫ ቁራ በሌላ አገር ፈጽሞ የማይገኙ አሉ። ስለዚህ ወፍ የሚያውቅ አስጎብኚ ላለው ትንሽ ድርጅት፣ ከግዙፎቹ አዳራሾች ይልቅ ይህን የመሰለ ጠባብ ገበያ እኔ አስቀድማለሁ።

ደረጃ 3፦ ገዢው በዚህ ዓመት ሊገዛ ይችል እንደሆነ አረጋግጡ

ገዢው መፈለጉ ብቻ አይበቃም። የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት «ወደዚህ አካባቢ አትጓዙ» ብሎ ሲመክር የተጓዡ ኢንሹራንስ ውድቅ ሊሆን ስለሚችል፣ የእንግሊዝ አስጎብኚዎች ጉብኝቱን ከገበያ ያነሡታል። የጀርመኑ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያም ተመሳሳይ ክብደት አለው። በእ.ኤ.አ. ኅዳር 2020 የሰሜኑ ጦርነት ከጀመረ ወዲህ፣ ቀጥሎም በእ.ኤ.አ. 2023 በአማራ ክልል ግጭቱ ከተቀሰቀሰ በኋላ፣ ከኢትዮጵያውያን አስጎብኚዎች ጠረጴዛ ፊት የሚቀመጥ ገዢ የመጀመሪያ ጥያቄው ይኸው ነው።

በመሆኑም ለስታንድ ከመክፈላችሁ በፊት የምትሸጧቸውን አካባቢዎች የገዢው አገር ባወጣው የጉዞ ምክር ካርታ ላይ አንድ በአንድ ፈልጉ። ከፕሮግራማችሁ አብዛኛው ክፍል በተከለከለው ቀለም ውስጥ ከወደቀ፣ ውሳኔው ለዚህ ዓመት አለመሄድ ነው። ወይም ደግሞ ክልከላ በማይነካቸው ቦታዎች ላይ፣ ለምሳሌ ሁኔታው በፈቀደበት ጊዜ በእ.ኤ.አ. 2023 በዩኔስኮ መዝገብ በሰፈረው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ላይ፣ የተመሠረተ አዲስ ፕሮግራም ቀድማችሁ ማዘጋጀት ይኖርባችኋል።

ደረጃ 4፦ ሙሉውን ወጪ ቁጠሩ

አዘጋጆቹ በትልቁ የሚያሳዩት የካሬ ሜትር ዋጋውን ነው። ከእርሱ ጋር የምዝገባ ክፍያ፣ የጠረጴዛና የወንበር ኪራይ፣ መብራትና ኢንተርኔት ለየብቻ ሊጠየቁ ስለሚችሉ ዝርዝሩን በጽሑፍ አስመጡ። ለአነስተኛ ድርጅት የሚሻለው በአገር ስም በሚዘጋጀው የጋራ ስታንድ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ መጋራት ነው፤ ስለዚህ የቱሪዝም ሚኒስቴርም ሆነ የአስጎብኚዎች ማኅበር ዘንድሮ በየትኛው ኤግዚቢሽን እንደሚሳተፉ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሆቴል ዋጋም በዚያ ሳምንት ከወትሮው እጅግ ይንራል።

ቪዛን በተመለከተ፣ የአውሮፓ ኅብረት በእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ማመልከቻ የሚሰጠው መደበኛ የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያው ዓመት ሰኔ ጀምሮ ደግሞ የማመልከቻ ክፍያው 90 ዩሮ ሆኗል። ከማመልከታችሁ በፊት የወቅቱን ደንብ ከኤምባሲው አጣሩ፤ ስታንዱን ስትከራዩም ቪዛው ቢከለከል የተከፈለው ገንዘብ ይመለስ እንደሆነ በውሉ ላይ አንብቡ። በጀቱን በብር ብቻ መያዝም አያስተማምንም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መግባቱን ሁላችንም እናስታውሳለን።

ደረጃ 5፦ ስንት ቡድን እንደሚመልሰው አስሉ

ለስሌቱ ያህል ጠቅላላ ወጪው 6,000 ዩሮ ነው እንበል። ስምንት ሰው ያለበት የአሥር ቀን ጉብኝት ነዳጁ፣ ሆቴሉ፣ አበሉና ግብሩ ሁሉ ተቀንሶ ከአንድ ሰው 150 ዩሮ ቢያተርፍ፣ ከአንድ ቡድን የሚገኘው 1,200 ዩሮ ነው። ወጪውን ለመመለስ ብቻ አምስት ቡድን ያስፈልጋል ማለት ነው። በዚህ ስሌት ላይ ትርፉን እንጂ ጠቅላላ ሽያጩን አትጻፉ፤ በሽያጩ የሚያሰላ ሰው አንድ ቡድን ብቻ አግኝቶ የተሳካለት ይመስለዋል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ገንዘቡ ቶሎ እንደማይመለስ ነው። ከእ.ኤ.አ. ኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ሁለት ወር ብቻ ስለሆነ፣ ለንደን ላይ የሚሸጠው የመጪው ጥር ጥምቀት አይደለም፤ ከ14 ወር በኋላ የሚመጣው ጥምቀት ነው። ገዢው ፕሮግራሙን ያጠናል፣ በካታሎጉ ያትማል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚሸጠው። አብዛኛው ገዢ በመጀመሪያው ዓመት ይተዋወቃል፣ በሁለተኛው ዓመት ያምናል። ስለሆነም ስሌታችሁ ቢያንስ የሁለት ዓመት ተሳትፎን ካልያዘ፣ የአንዱ ዓመት ገንዘብ በከንቱ እንደሚወጣ ቁጠሩት።

ደረጃ 6፦ የ20 ደቂቃውን ቀጠሮ ጥያቄዎች መመለስ ትችሉ እንደሆነ ራሳችሁን ፈትኑ

የአንድ ቀጠሮ ርዝመት ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው። ገዢዋ ትቀመጣለች፣ ማስታወሻዋን ትከፍታለች፣ ከዚያም በተከታታይ ትጠይቃለች። ለገና ላሊበላ ውስጥ ስንት ክፍል አስይዛችኋል? የአገር ውስጥ በረራው ቢሰረዝ ቡድኔን በምን ታንቀሳቅሳላችሁ? ደንበኛዬ ስሜን ተራሮች ላይ ቢታመም ማን፣ በስንት ሰዓት ይደርስለታል? የተጠያቂነት ኢንሹራንስ አላችሁ? ለእኔ የምትሰጡኝ የተጣራ ዋጋ (የእኔ ትርፍ ያልተጨመረበት) ስንት ነው፣ እስከ መቼስ ይጸናል? ኢንሹራንሱን የምትጠይቀው ለወጉ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ መመሪያ መሠረት፣ በሸጠችው ጉብኝት ላይ ለሚደርሰው ጉድለት በደንበኛዋ ፊት ተጠያቂ የምትሆነው እርሷ ናት።

ቢሮ ውስጥ አንድ የሥራ ባልደረባ በገዢ ቦታ አስቀምጡና እነዚህን ጥያቄዎች እያነበበ ይጠይቃችሁ። «ተመልሰን በኢሜይል እናሳውቃለን» የሚለው መልስ ከሁለት ጊዜ በላይ ከወጣችሁ፣ ድርጅታችሁ ለዘንድሮ አልደረሰም።

ደረጃ 7፦ ስሞቹን ጻፉ፣ ከመክፈላችሁም በፊት ደብዳቤ ላኩ

ከዓመታት በፊት አውሮፓ ውስጥ በተካሄደ አንድ ኤግዚቢሽን ላይ እኔ ራሴ ያለ አንድ ቀጠሮ ቆሜአለሁ። አጠገባችን ቡና ይፈላ ነበርና ሰዉ ይጎርፋል፤ ፈንዲሻውን ይዘግናል፣ ሲኒውን ፎቶ ያነሣል፣ ብሮሸር ተቀብሎ ያልፋል። እኔም በሕዝቡ ብዛት ተደስቼ ካርድ ስሰበስብ ዋልሁ። አዲስ አበባ ተመልሼ ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ስዘረጋቸው አብዛኞቹ የሌላ አገር ሆቴሎች፣ የሶፍትዌር ሻጮችና እንደ እኔው ገዢ የሚፈልጉ አስጎብኚዎች ነበሩ። በዚያ ሳምንት ከጠረጴዛችን ማዶ የነበረው ሰው በየግማሽ ሰዓቱ አዲስ እንግዳ ሲያስቀምጥ አይቼ ምክንያቱን ብጠይቀው፣ ቀጠሮዎቹን ከሦስት ወር በፊት መያዙን ነገረኝ። እስከ ዛሬ የምሠራበትን ደንብ ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ደንቡም ይህ ነው። የመረጣችሁት አገር ድርጅቶች ድረ ገጾች ውስጥ ገብታችሁ ኢትዮጵያን ወይም ጎረቤቶቿን የሚሸጡትን፣ ወይም የእናንተን ዓይነት ጉዞ በሌላ አገር የሚያካሂዱትን 30 ፈልጉ። የአፍሪካን ፕሮግራም የሚያዘጋጀውን ሰው ለይታችሁ ለእያንዳንዱ የየራሱን አጭር ደብዳቤ ጻፉ፤ በደብዳቤውም የሚሸጠውን ፕሮግራም ጠቅሳችሁ እናንተ የምትጨምሩለትን አንድ ነገር ንገሩት። ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ መላክ አይጠቅምም። ከ30ው አሥሩ ያህል ለመገናኘት ከተስማሙ ጠረጴዛውን ተከራዩ። ሦስት ወይም አራት ብቻ ከመለሱ ደግሞ ስታንድ ሳትከራዩ የጎብኚ መግቢያ ገዝታችሁ ሂዱ፤ በእነርሱ ጠረጴዛ ወይም አዳራሹ ውስጥ ባለ ካፌ ማነጋገር ይቻላል። ማንም ካልመለሰ ቤታችሁ ቆዩና በክረምቱ ፕሮግራማችሁን አስተካክሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ቀጠሮው ቢሞላለት እንኳ ዘንድሮ በጎብኚነት ቢሄድ እመርጣለሁ። የአዳራሹን አሠራር፣ የጋራ ስታንዱን አቀማመጥና ተፎካካሪዎቹ እንዴት እንደሚያስረዱ ያያል፤ የወጪውም አብዛኛው ክፍል ይቀርለታል።

ደረጃ 8፦ የምትተዉበትን ቀን አስቀድማችሁ ወስኑ

ለመሄድ ከወሰናችሁ፣ ከመመለሻችሁ ማግስት ጀምሮ ያሉትን አምስት የሥራ ቀናት ከሌላ ሥራ ነጻ አድርጉ። እያንዳንዱ ቀጠሮ እንዳለቀ የተባለውን በዚያው ሰዓት ደብተር ላይ ጻፉ፤ በነዚያ አምስት ቀናት ውስጥም ለእያንዳንዱ ሰው የጠየቀውን ዋጋና ፕሮግራም ላኩለት። ይህን ጊዜ ማግኘት የማይችል ድርጅት ባይሄድ ይሻለዋል።

በመጨረሻም አንድ ገጽ ወረቀት ላይ አራት ነገሮችን አስፍራችሁ ከፋይናንስ ሠራተኛችሁ ጋር ፈርሙበት፤ ጠቅላላ ወጪውን፣ ወጪውን የሚመልሱትን ቡድኖች ብዛት፣ ያነጋገራችኋቸውን ገዢዎች ስም፣ እንዲሁም ከመጀመሪያው ተሳትፎ 24 ወር በኋላ የሚውለውን ቀን። ያ ቀን ሲደርስ ከዝርዝሩ ውስጥ ቡድን የላከ አንድም ገዢ ከሌለ የሦስተኛውን ዓመት ምዝገባ አትክፈሉ፤ ያንኑ ገንዘብ ከዝርዝሩ ውስጥ በጣም ቅርብ የሆኑትን ሁለት ገዢዎች በራሳችሁ መኪና አገሩን እንዲያዩ ለመጋበዝ አውሉት።