የዶሮ ሳልሞኔላ ከየት ወደ የት እንደተዛመተ በዘረመል እንዴት ይታወቃል?

ሳልሞኔላ ኢንተሪቲዲስ በዶሮ ሥጋና በእንቁላል በኩል ሰው የሚያሳምም ባክቴሪያ ነው። ዲኤንኤው ወደ 4.7 ሚሊዮን ፊደል ይጠጋል። ሲራባ አልፎ አልፎ አንዷ ፊደል ትለወጣለች፤ ለውጧም ለዘሩ ትተላለፋለች። በግምት በዓመት አንድ ወይም ሁለት ለውጥ ነው። ዱካችን ይሄ ነው።

መጀመሪያ ባክቴሪያውን ከናሙናው ለይታችሁ አሳድጉ፣ ዲኤንኤውን አውጡና የፊደሎቹን ቅደም ተከተል በማሽን አስነብቡ። ማወዳደሪያ የሚሆኑ ጂኖሞችን፣ ማለትም የሌሎች ናሙናዎችን ሙሉ የዲኤንኤ ንባብ፣ ኢንተሮቤዝ ወይም የአሜሪካው ኤንሲቢአይ ከተባሉት የመረጃ ቋቶች በነፃ ታገኛላችሁ።

ከባዱ ከጂኖሙ ጋር የሚመጣውን መረጃ ማጥራት ነው። የተጻፈው ዓመት ናሙናው የተወሰደበት ነው ወይስ ፋይሉ የተጫነበት? አገር ተብሎ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በሽተኛው የተመረመረበት ነው። ሰውየው ግን ገና ከጉዞ መመለሱ ሊሆን ይችላል፤ የበላውም ዶሮ ከውጭ የገባ። እንዲህ ያሉትን ለይታችሁ አስቀምጡ።

የናሙና ብዛትም አለ። አሜሪካና እንግሊዝ ሳያቋርጡ ስለሚያስነብቡ ጂኖማቸው ሞልቷል፤ ከብዙ አገሮች ያለው ግን እፍኝ አይሞላም። ሁሉንም እንዳለ ብትከቱት የስርጭቱን አቅጣጫ የሚያሰላው ፕሮግራም የባክቴሪያው መነሻ እነሱ ናቸው ሊላችሁ ይችላል። ብዙ የመረመረ ብዙ ያገኛል፤ መነሻ ግን አያደርገውም። ስለዚህ ከየአገሩና ከየዓመቱ ተመጣጣኝ ቁጥር በዕጣ ምረጡ፤ ከዚያ በሌላ ዕጣ ድገሙት። አቅጣጫው በየዕጣው የሚገለባበጥ ከሆነ ገና መልስ አልተገኘም። ይህን የዘለለ ሥራ እኔ አላምንም።

ቀጥሎ የፊደል ልዩነቶቹን ፒ125109 ከተባለው የማመሳከሪያ ጂኖም አንጻር ለዩ። ከሌላ ባክቴሪያ ወይም ከቫይረስ የገቡ ቁራጮችን አስወግዱ፤ ለዚህ ጋቢንስ የተባለውን ፕሮግራም እመርጣለሁ። ማን ከማን እንደሚዛመድ የሚያሳየውን የዘር ሐረግ ዛፍ አይኪው ትሪ የተባለው ፕሮግራም ይሠራል፣ ቅርንጫፎቹ የተለያዩበትን ዘመን ደግሞ ቢስት የተባለው ይገምታል። ከቢስት በፊት ግን የፊደል ለውጡ ናሙናዎቹ ከተወሰዱባቸው ዓመታት ጋር አብሮ መጨመሩን ቴምፕኤስት በተባለው ፕሮግራም እዩ። ካልጨመረ ዘመን አትስጡ።

በመጨረሻ ዛፉን ከንግድ መዝገብ ጋር አስተያዩ። ለዓለም የዘር ዶሮ የሚያቀርቡት ድርጅቶች ጥቂት ናቸው። ባክቴሪያው ከእናቲቱ ወደ እንቁላሉ ስለሚገባ፣ ከአንድ የዘር መንጋ የወጡ ጫጩቶች ወደ ብዙ አገር ይዘውት ሊገቡ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ ወደ 30,000 ጂኖሞችን ያወዳደረ ጥናትም የሚያመለክተው ወደዚሁ ነው። ስለዚህ በተራራቁ ሁለት አገሮች አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ስታገኙ አንዱ ለሌላው አስተላለፈ ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ሁለቱም የዘር ጫጩት የሚገዙት ከማን እንደሆነ አጣሩ።